ሠዓሊዎቹ የተገናኙበት አዳራሽ

የኮሚክስ ጉባኤዎች ታሪክ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የጎብኚውን ብዛት ነው። በነሐሴ 1970 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሳን ዲዬጎ ከተማ፣ ዩ.ኤስ. ግራንት ሆቴል ውስጥ 300 የሚያህሉ ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ ዛሬ በዚያው ከተማ በየዓመቱ በሐምሌ ከ130,000 በላይ ሰው ይጎርፋል። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም የሚነግረን ስለ ገበያው ነው፤ ስለ ሙያው ብዙም አይነግረንም። ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ሸጦና ሸምቶ ብቻ አይመለስም፤ ዘመድ ይጠይቃል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ የጋብቻ ነገር ይጀምራል። የኮሚክስ ጉባኤም እንዲሁ ከመሸጫ ጠረጴዛው ጀርባ ሌላ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ብቻውን ተቀምጦ የሚሥለውን ሰው ከመሰሎቹ ጋር አገናኝቶታል፤ ከዚህ ትውውቅም የሥዕሉ ገጽ የማን ንብረት ይሁን፣ ማን ያሳትመው፣ በየት በኩል ይሸጥ የሚሉት ጥያቄዎች አዲስ መልስ አግኝተዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ ወደ ጉባኤ መጓዝ ለሠዓሊው ከመዝናኛና ከማስታወቂያ በላይ ነበር፣ የሙያው ታሪክም የታጠፈው በእነዚህ ግንኙነቶች ላይ ነው።

መጀመሪያ የብቸኝነቱን ልክ ማየት ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ የኮሚክስ ሠዓሊዎች እንደ ልብስ ሰፊዎች በረድፍ ተቀምጠው የሚሠሩባቸው ወርክሾፖች ነበሩ፤ ዊል አይስነር ከጄሪ አይገር ጋር ያቋቋመው አንዱ ነው። ኋላ ግን ሥራው ወደየቤቱ ተበተነ። ሠዓሊው ገጹን ጨርሶ ለአሳታሚው ያስረክባል፣ በገጽ ይከፈለዋል፣ በዚያው ያበቃል። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 ባለመብትነታቸውን አሳልፈው የሰጡት በ130 ዶላር ነው። የመጀመሪያው በእጅ የተሣለ ገጽ አሳታሚው ዘንድ ይቀራል፤ አንዳንዴም ይጣላል። ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አይታተምም ነበር። የዶናልድ ዳክን ታሪኮች ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይጽፍና ይሥል የነበረው ካርል ባርክስ ለአንባቢው ሙሉ በሙሉ የማይታወቅ ሰው ነበር፤ አንባቢዎች ግን የእሱን እጅ ከሌሎቹ ለይተው “ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ” ይሉት ነበር፤ ማንነቱን አፈላልገው የደረሱበት በ1960 ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጎረቤቱ ለአንድ ገጽ ስንት እንደሚከፈለው አያውቅም፤ ሌላው ምን ዓይነት ውል እንደፈረመ፣ የትኛውን አንቀጽ እንዳስለወጠ የሚነግረው የለም። የአሳታሚው ጉልበት ግማሹ ከዚህ አለመተዋወቅ የመጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ጉባኤውን የጀመሩት ሠዓሊዎቹ አይደሉም፤ አንባቢዎች ናቸው። የዲሲ አሳታሚ አዘጋጅ ጁሊየስ ሽዋርትዝ በወጣትነቱ ከሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች መካከል የወጣ ሰው ነበርና፣ በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ የአንባቢ ደብዳቤዎችን ከነሙሉ አድራሻቸው ማተም ጀመረ። አድራሻው ሲታተም አንባቢው ለአንባቢው መጻፍ ቻለ፤ በ1961 ጄሪ ቤይልስና ሮይ ቶማስ የራሳቸውን ትንሽ መጽሔት አወጡ፤ በሐምሌ 1964 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች አዳራሽ ተከራይተው ተሰበሰቡ። ከእንግዶቹ አንዱ ስፓይደርማንን የሣለው ስቲቭ ዲትኮ ነበር። ዲትኮ በኋላ ከሕዝብ ዓይን በመሸሽ የታወቀ ሰው በመሆኑ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መገኘቱ ዛሬም ያስገርማል። በአውሮፓ ነገሩ ከሌላ ጫፍ ተነሣ። በ1965 ጣሊያን ውስጥ ቦርዲጌራ ላይ የተሰበሰቡት በአብዛኛው ተመራማሪዎችና ሐያስያን ነበሩ፤ በዓመቱ ጉባኤው ወደ ሉካ ተዛወረ፣ እዚያም ሥር ሰደደ። ጃፓን ውስጥ በታኅሣሥ 1975 ቶኪዮ ላይ የተከፈተው ኮሚኬት በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ 32 ቡድኖች ይዞ ጀመረ፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች ይሳተፉበታል። ሦስቱም የተለያየ ዓላማ ነበራቸው። ሦስቱም ግን ሠዓሊ ሠዓሊን የሚያገኝበት ቦታ ሆኑ፤ ይህን ማንም አቅዶ አልነበረም።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። ዊል አይስነር ከ1940 እስከ 1952 “ዘ ስፒሪት” የተባለውን ተከታታይ በጋዜጣ ክፍልነት ካወጣ በኋላ ከኮሚክስ ዓለም ወጥቶ ነበር። ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሣሪያና የተሽከርካሪ አያያዝ በሥዕል የሚያስተምር መጽሔት ያዘጋጅ ነበር፤ ደህና ነጋዴ ነበር፣ ኑሮው የተደላደለ ነበር፣ ሥዕሉ ግን ወታደር ዘይት መቀየር እንዳይረሳ ከማሳሰብ አያልፍም። በ1971 ፊል ሱሊንግ የተባለ የብሩክሊን የእንግሊዝኛ መምህር በኒው ዮርክ በየዓመቱ ወደሚያዘጋጀው ጉባኤ ጋበዘውና ሄደ። እዚያ ዴኒስ ኪችንን አገኘ። ኪችን ገና 24 ዓመቱ ነው፤ ከዊስኮንሰን የመጣ፣ ፀጉሩን ያስረዘመ፣ የዚያ ዘመን ወጣቶች የሚገዟቸውን ጋጠወጥ ኮሚክሶች የሚያሳትም ልጅ ነው። አይስነር የ54 ዓመት ጎልማሳ ነው። በመልክም በዕድሜም የማይገናኙት ሁለቱ ሰዎች የተግባቡበት ጉዳይ የውል ጉዳይ ነው። የኪችን ሠዓሊዎች የሥራቸውን ባለቤትነት ለራሳቸው ይይዛሉ፤ ከሽያጩም ድርሻ ይከፈላቸዋል። አይስነር ደግሞ በትውልዱ እጅግ ጥቂት ከሆኑት፣ የፈጠሩትን ገጸ ባሕርይ ባለቤትነት አሳልፈው ካልሰጡት ሰዎች አንዱ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ብቻውን ይዞት የኖረውን አቋም እነዚህ ልጆች እንደ ተራ ነገር ሲያወሩት ሰማ።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። በ1973 ኪችን “ዘ ስፒሪት”ን እንደገና አሳተመ፤ አይስነር ወደ ሥዕል ጠረጴዛው ተመለሰ፤ በ1978 የብሮንክስን የድሆች የኪራይ ቤቶች ኑሮ የሚተርኩ አራት ታሪኮችን በአንድ መጽሐፍ አወጣ። “ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል” የሚለው ይህ መጽሐፍ ለአዋቂ አንባቢ የሚቀርበው ረጅም የሥዕል ልቦለድ በመጻሕፍት መደብር ቦታ እንዲያገኝ መንገድ ካበጁት ሥራዎች ዋነኛው ነው። ኪችን በአሳታሚነት ኋላም በወኪልነት እስከ አይስነር ሞት፣ እስከ 2005 ድረስ አብሮት ዘለቀ። አይስነር ራሱ በኋላ ዘመኑ ወደ ኮሚክስ የመለሰው ያ ጉባኤ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አይስነር አልተረሳም ነበር፤ ስልኩም አድራሻውም በእጅ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ማንም በደብዳቤ ሊመልሰው አልቻለም። የሠዓሊዎች አዲስ ትውልድ መኖሩን ማመን የቻለው ፊት ለፊት ሲያያቸው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይቀርባል። ሁጎ ፕራት በ1927 ጣሊያን ውስጥ ተወልዶ ቬኒስ ያደገ ሲሆን፣ በ1937 የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከወራሪው ጦር ጋር ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ቤተሰብ ውስጥ ነበር። በ1941 ጣሊያኖች ሲሸነፉ አባቱ ተማረከና በዓመቱ በእስር ሞተ፤ ልጁና እናቱ ድሬዳዋ በሚገኝ የእስረኞች ሠፈር ተቀመጡ፤ እዚያም ከጠባቂዎቹ ኮሚክስ ይገዛ እንደነበር ይነገራል። በ1943 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ አርጀንቲና ሄዶ ረጅም ዓመት ሠራ። ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ በ1967 ጄኖቫ ውስጥ በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ ፈጠረ፤ መጽሔቱ ግን በ1969 ተዘጋ። ፕራት አርባ ዓመት አልፎት ጥሩ ጀግና ይዞ አሳታሚ አጣ። በዚያን ጊዜ ሉካ ላይ በየዓመቱ የጣሊያንና የፈረንሳይ የኮሚክስ ሰዎች ይገናኙ ነበር፤ ከፈረንሳዮቹ መካከል ክሎድ ሞሊቴርኒ ዋነኛው ነው። በዚህ ትውውቅ በኩል ፕራት ከ“ፒፍ ጋጀት” ዋና አዘጋጅ ከጆርጅ ሪዩ ጋር ተገናኘ። መጽሔቱ የፈረንሳይ ኮሙኒስት ፓርቲ የሚያሳትመው፣ በየሳምንቱ በመቶ ሺዎች የሚሸጥ የልጆች ንባብ ነበር። ኮርቶ ማልቴዝ ከ1970 እስከ 1973 ከሃያ በላይ አጫጭር ታሪኮች እዚያ ላይ አገኘ። ከነዚህ አራቱ ኋላ ላይ በኢትዮጵያ ስም የተጠሩት ናቸው፤ በቀይ ባሕር ዳርቻና በምሥራቅ አፍሪካ የሚካሄዱ፣ ኩሽ የተባለ ኩሩና ምላሰ ስል ተዋጊ የገባባቸው። ፕራት በልጅነቱ ያየውን ምድር በአዋቂ እጁ እንዲሥል ሰፊ መድረክ የሰጠው ከጉባኤ የተገኘ ዘመድ ነው። ያች የልጅነት ትዝታ የመጣችው በወረራ ሠራዊት ጓዝ ውስጥ መሆኑን ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይዘነጋም፤ የፕራት ታሪኮች ለቅኝ ገዥዎች የሚያሳዩት ንቀትም ከዚያው ከአባቱ ሽንፈት የመጣ ይመስለኛል። በ1974 በፈረንሳይ አንጉሌም የሉካን አርአያ የተከተለ ጉባኤ ሲከፈት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ያው ሞሊቴርኒ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፖስተር የሣለውም ፕራት ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1975፣ የአንጉሌምን ታላቅ ሽልማት የተቀበለው ዊል አይስነር ነበር።

ትውውቁ የግለሰብ ዕድል ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የንግዱንም መንገድ ለወጠ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ኮሚክስ የሚሸጠው በጋዜጣ መሸጫ ነበር፤ ሻጩ ያልተሸጠለትን ይመልሳል፣ አሳታሚው ከሚያትመው ብዙው ተመልሶ ይወገዳል። ፊል ሱሊንግ ጉባኤ በማዘጋጀቱ አሳታሚዎቹን ሁሉ በአካል ያውቃቸው ነበር፤ ኮሚክስ ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆችን የከፈቱትንም ሰዎች ከጠረጴዛቸው ያውቃቸዋል። በ1973 ለአሳታሚዎቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ መጽሐፉን በከፍተኛ ቅናሽ ስጡኝ፣ እኔም ያልተሸጠውን አልመልስም። ይህ ቀጥተኛ ሽያጭ የሚባለው አሠራር ሲስፋፋ ትንሽ አሳታሚ፣ እንዲያውም አንድ ሠዓሊ ብቻውን፣ ስንት ቅጂ እንደታዘዘ አስቀድሞ አውቆ ማተም ቻለ። ኬቪን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ በግንቦት 1984 የኒንጃ ኤሊዎቻቸውን የመጀመሪያ እትም 3,000 ያህል ቅጂ አሳትመው በኒው ሃምፕሸር ፖርትስመዝ በተደረገ ትንሽ ጉባኤ ላይ ሲያቀርቡ በዚህ መንገድ ላይ ነበር የሄዱት።

የመብቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ለአሳታሚው ለማርቭል የሣላቸው ገጾች እንዲመለሱለት በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲታገል ብቻውን አልነበረም፤ ፍራንክ ሚለርን የመሳሰሉ ወጣት ሠዓሊዎች በጉባኤ መድረክ ላይ ሳይቀር ስሙን እየጠሩ ቆሙለት፣ ፊርማም ተሰበሰበ፤ በ1987 ከሠራቸው ብዙ ሺህ ገጾች ወደ 2,000 የሚጠጋው ተመለሰለት። ከርቢ ከ1970 ጀምሮ የሳን ዲዬጎ እንግዳ ነበር፤ የሚሟገቱለት ሰዎች መልኩንና ትሕትናውን የሚያውቁ ነበሩ። በ1988 ደግሞ ኢስትማንና ሌርድ፣ ስኮት ማክላውድ፣ ዴቭ ሲም፣ ስቲቭ ቢሴት፣ ሪክ ቪችና ሌሎችም ማሳቹሴትስ ውስጥ ኖርዝሃምፕተን ተሰብስበው የፈጣሪዎችን መብት የሚዘረዝር ሰነድ አወጡ። ሰነዱ ሕግ አልሆነም፣ ብዙ አሳታሚም ዞር ብሎ አላየውም። ቢሆንም አንድ ሠዓሊ ውል ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያይበት ዝርዝር አገኘ።

ተቃዋሚ ሊል የሚችለው የመጀመሪያው ነገር፣ ይህ ሁሉ ያለ ጉባኤም ይሆን ነበር ነው። ሮይ ቶማስ በደብዳቤ ጀምሮ እስከ ማርቭል ዋና አዘጋጅነት ደረሰ። ቶኪዮ ውስጥ በ1950ዎቹ ቶኪዋ-ሶ በተባለ የኪራይ ቤት ኦሳሙ ቴዙካና ከእሱ በኋላ የመጡት ፉጂኮ ፉጂዮ፣ ኢሺኖሞሪና አካትሱካ ጉባኤ ሳያስፈልጋቸው ተጎራብተው ኖሩ፣ ከዚያች ቤትም የጃፓን ማንጋ ግማሽ ወጣ ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ደብዳቤው ግን አንባቢን ወደ ሙያው አስገባ እንጂ ሙያተኛን ከሙያተኛ አላገናኘም። ቶኪዋ-ሶ ደግሞ ከየክፍለ አገሩ ወደ ዋና ከተማው ፈልሰው ለመኖር ለቻሉ ወጣቶች ነው የሠራው፤ ኪችን ኑሮውን ዊስኮንሰን ትቶ ኒው ዮርክ እንዲሰፍር ሳይገደድ አይስነርን ያገኘው የሦስት ቀን ጉባኤ ስላለ ነው። ሰው በአገሩ ኖሮ የሙያ ባልንጀራ እንዲያፈራ ያስቻለው ይህ አጭር ጉዞ ነው።

ሁለተኛው ወቀሳ ሆሊውድ ጉባኤውን ወረሰው የሚለው ነው። ይህኛው ትዝታን ያሳመረ ይመስለኛል። ሳን ዲዬጎ ከመነሻው የሳይንስ ልቦለድ ደራሲውን ሬይ ብራድበሪን የጋበዘ፣ የኮሚክስ፣ የፊልምና የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች የመሠረቱት ስብስብ ነበር፤ “ስታር ዋርስ” እንኳ ገና ለሕዝብ ሳይታይ በ1976 እዚያው ቀርቦ ተዋውቋል። የትልቁ አዳራሽ ጩኸት ያስመረራቸው ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዱ፤ ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው የትንንሽ አሳታሚዎች አውደ ርዕይ፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው የቤቴስዳ አካባቢ፣ ሠዓሊው ራሱ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ የራሱን መጽሐፍ የሚሸጥበት ነው።

ከባዱ ወቀሳ ሦስተኛው ነው፤ አዳራሹ በር አለው፣ በሩም ለሁሉም እኩል አይከፈትም። የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የሆቴሉን፣ የጠረጴዛ ኪራዩን መክፈል የማይችል ሠዓሊ ከትውውቁ ውጭ ይቀራል። የአፍሪካ ሠዓሊ ከዚህ ሁሉ በላይ የቪዛ ወረፋ አለበት። ሴቶቹም ብዙ ዘመን በእንግድነት ሲታዩ ኖረዋል። በ2016 አንጉሌም ለታላቁ ሽልማት 30 ስም ሲያወጣ አንዲት ሴት አልነበረችበትም፤ በሽልማቱ ታሪክም እስከዚያ ድረስ የምትጠቀሰው ፍሎራንስ ሴስታክ ብቻ ነበረች። ይህን ሳላለሳልስ እቀበላለሁ፤ ግንኙነት ዋጋ አለው ካልን ከግንኙነት መገለልም ጉዳት ነው። ያንኑ ዝርዝር ያሰረዘው ግን ማን እንደሆነ ማየት ይገባል። የፈረንሳይ ሴት ሠዓሊዎች ቀድመው ተደራጅተው ነበርና የቦይኮት ጥሪ አቀረቡ፤ ሪያድ ሳቱፍ፣ ጆአን ስፋር፣ ዳንኤል ክላውስና ሌሎችም ስማቸውን አስወጡ፤ ፌስቲቫሉ በቀናት ውስጥ ዝርዝሩን ሠርዞ ምርጫውን ለሠዓሊዎቹ ድምፅ ለቀቀ። በ2019 ሽልማቱን የወሰደችው ጃፓናዊቷ ሩሚኮ ታካሃሺ ናት። ጉባኤውን ያረመው ጉባኤው ያስተዋወቃቸው ሰዎች ኅብረት ነው። ለርቀቱና ለቪዛው የተገኘው መልስ ደግሞ አዳራሹን ወደ አፍሪካ ማምጣት ሆነ፤ ከ2008 ጀምሮ አልጄርስ የራሷ ዓለም አቀፍ የኮሚክስ ፌስቲቫል አላት፤ ሌጎስና ያውንዴም ተከትለዋል።

ኢንተርኔት ሁሉንም ተካ የሚለው አራተኛው ክርክር በ2020 ተፈትኗል። በወረርሽኙ ምክንያት ሳን ዲዬጎ በሃምሳ ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹን ዘግቶ ውይይቶቹን በቪዲዮ አሠራጨ። ውይይቱን ማንም ከቤቱ በነፃ ማየት ቻለ፤ ለአንባቢ መልካም ነበር። መድረኩ ካበቃ በኋላ በኮሪደር የሚደረገው ወሬ፣ የሌላውን የሥዕል ደብተር ገልጦ ማየት፣ የስንት ተከፈለህ ጥያቄ ግን በቪዲዮ አልመጣም። ሰው የክፍያውን ልክ ለማያውቀው ሰው በጽሑፍ አይነግርም፤ አብሮ እራት ለበላ ሰው ግን ይነግራል። የድረ ገጽ ትውውቅ ጉባኤውን ያጠናከረው ይመስላል፤ በ2022 አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሰዉ ተመልሶ ሞልቶታል።

በእኛም አገር ሥራው ተጀምሯል። ኤታን ኮሚክስ በ2018 “ጀምበር”ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ በየመጽሔቱና በየልጆች መጽሐፉ የሚሥሉ እጆችም አሉ። የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ለምታዘጋጁ ሁሉ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። በጀት ስታወጡ ከመድረኩ ማሳመሪያ በፊት ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ ለሚመጣ ሠዓሊ የአውቶቡስ ቲኬትና የሁለት ሌሊት አልጋ ያዙ፤ የጠረጴዛ ኪራይም አታስከፍሉት።